ሰያፍ

ቀያሽ ነኝ፤ ኮርኔል ይሉኛል።
ሃያ ሁለት ዓመት ችካል መትቻለሁ፤ መዳፌ ላይ ምልክቱ ይታያል።
ሜዳው ለእኔ ቁጥር፣
ኮረብታው ለእኔ ቁጥር፤
ዛፍ ሳይ ጥላው ሳይሆን ውፍረቱ ነው የሚታየኝ፤
"ይነሣ" ብዬ የምጽፍበት ቀይ ቀለም ነበረኝ።

በካርፓቲያ ተራሮች መኻል፣ ከፖያና ሬቼ ዝቅ ብሎ፣
አንድ ሜዳ አለ፣ ሁለት ጋራ በግራ በቀኙ አስከትሎ።
በምሥራቅ ጥድ፣ በምዕራብ ጥድ፣ እሱ በመካከል ደፍ፤
ከወዲያኛው ቤት ወደዚህኛው አራት እግር ያለው ሁሉ ሲያልፍ
የሚረግጠው።

በላይ አውራ ጎዳናው ተዘረጋ፣ በታች ቪላው ተደረደረ፤
ሣር ይበቅልበት የነበረው የዋና ገንዳ ሆኖ ተቆፈረ፤
የሱፐርማርኬቱ ነጭ መብራት ሌሊቱን ከለከለ እንዳይመሽ።
የቀረው ይኸው ነው፤ አራት መቶ እርምጃ ከዳር እስከ ዳር፣
የአሮጊቷ የሳፍታ ሣር።

ኩባንያው ላከኝ፦ "ሠላሳ ስድስት ቦታ ይወጣዋል፤
ሴትዮዋ ደክማለች፤ ልጇ ዶሪን ቶሪኖ ነው፣ እሱ ይፈርማል።"

በመጋቢት ማብቂያ፣ በኋለኛው በረዶ፣ መሣሪያዬን ተከልኩ፤
ሌንሱን በእጅጌዬ ጠርጌ አንድ ዓይኔን ጨፈንኩ፤
አየሁ፦
ካራት ማዕዘኖቼ ከአንዱም ሳይስማማ፣
አንድ ሰያፍ መስመር፣ በረዶውን ሰፍቶ፣ ገብቷል ወደ ጥዱ ጨለማ።

የድብ መዳፍ ነው፤ ሰፊ፣ ባለ አምስት ጥፍር፤
ከጎኑ ትናንሽ ሁለት፣ እየቀረ ሮጦ የሚደርስ ዓይነት እግር፤
በሷ ዱካ ላይ የተኩላ፣ በተኩላው ላይ የአጋዘን፤
የሚበላና የሚበላው፣ መንገዳቸው አንድ ሲሆን።

ሳፍታ መጣች፤ የሟች ባሏን ካፖርት ለብሳ፣
የዶሮዎቿን በቆሎ በባልዲ አንሥታ።
"ለካህ?" አለችኝ።
"እየለካሁ ነው።"
"ደግ። የኔን ለካህ፣ የዶሪንን ለካህ፣ የባንኩን ዕዳ ለካህ፤
የነሱንስ ድርሻ የቱ ጋ ጻፍከው? በስንተኛው ቁጥር አስገባህ?"

"አውሬ ካርታ የለውም" አልኳት።
ሳቀች፤ ሳቁ ሳል ሆነባት።
"ያች ድብ ባለፈው መኸር ሰባት ቀፎ ሰብራብኛለች፤
በመጥረጊያ አባረርኳት፤ ማሩን ጨርሳ ሄደች።
እወዳታለሁ እንዳይመስልህ። ግን ጎረቤቴ ናት፤
ተጣላን ተብሎ ማለፊያ አይዘጋም በጎረቤት።"

መልስ አጣሁ።
እዚያ ታች፣ አምና፣ የቀየስኩት ግንብ ትዝ አለኝ፤
በግንቡ ጥግ ጥግ በር ስትፈልግ ያደረች ሊንክስ፣
ከአስፋልቱ ዳር፣
ጆሮዋ ጫፍ ላይ ጥቁር ጸጉር፣
ዓይኗ እንደተከፈተ፤
ሹፌሩ በስልኩ ፎቶ እያነሣት።
ያን ቀን ሂሳቤ ልክ ነበር፤ አንድ ሴንቲ ሜትር አልሳትኩም።
ማንም አልጠየቀኝም።
እኔም እኔን አልጠየቅሁም።

ቤቴ ገባሁ፤ ካርታውን ሣልኩ፤ ሠላሳ ስድስቱን ከፈልኩ፤
በላያቸው ግን፣ ከጥግ እስከ ጥግ፣ ያንን ሰያፍ አሰመርኩ፤
ስፋቱን ጻፍኩ። "ባለቤት" በሚለው ሣጥን፦
"ከመዝገቡ በፊት የነበረ።" ፈረምኩበት ወረቀቱን።

በሦስተኛው ቀን ተመለሰ፤ "ይህ ምን ቀልድ ነው?" ይላል።
በሳምንቱ ሌላ ቀያሽ ተላከ፤ ወጣት ነው፤ ድሮን ያበርራል።

ዶሪን ገና አልፈረመም። እሑድ እሑድ ይደውላል፦
"እማ፣ ዋጋው ጨምሯል" ይላታል።
ዝም ይላል።
"ድቧስ፣ ዘንድሮ መጣች?" ይላታል።

ሳፍታ ስልኩን በትከሻዋ ይዛ፣ እጇን ትሰዳለች፤
የበረንዳዋን አምፖል ታጠፋለች።